ኤሊዎቹ ከውሃ የወጡ ሰሞን

ዲላ፤ መጋቢት ፳፪ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለደመላሽ ገሪማ፤
ካለህበት ሆላንድ፤

ደሜ፣ ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው። እንደ ልማድህ ደረጃ እየወጣህ፣ በአንድ እጅህ ቁልፍ እየፈለግህ አታንብበው። ሰላምታዬና ናፍቆቴ በወረቀት የሚያልቁ ስላልሆኑ ስትመጣ እንቆጥራቸዋለን። እኔ ደኅና ነኝ። አክስትህ እትዬ አሰገደችም ደኅና ናቸው፤ ግንባርህን ይስማሉ።

አባባን ትንሽ አሟቸዋል።

ይህን ዓረፍተ ነገር እንዲህ አድርጌ እንድጽፈው ያዘዙኝ የአባትህ ወዳጅ አቶ ኃይለኢየሱስ ናቸው። «ትንሽ አሟቸዋል፣ ሊያዩህ ይፈልጋሉ ብለሽ ጻፊ፤ ከዚያ በላይ አትጨምሪ» አሉኝ። «ሰው አገር ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ሁሉ ነገር በወረቀት አይነገርም።» እንዳሉኝ ጻፍኩ። ግን አንተ ታውቀኛለህ፤ ያየሁትን ነገር ግማሹን ጽፎ መተው አልሆነልኝም። አባባ እንዴት እንደታመሙ ከሌላ ሰው አፍ ሳይደርስህ ከእኔ ስማው።

ነገሩ የጀመረው ከኤሊዎቼ ነው። «ኤሊዎቼ» ስል እንደምትስቅ አውቃለሁ። ትስቅ የነበረው ግን በፍቅር ነው፤ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ትምህርቴን ጨርሼ ከሜክሲኮ አገር ተመልሼ ሥራ ልጠይቅ አዲስ አበባ የሄድኩ ዕለት ያ ሹም ያለኝን ታስታውሳለህ? «እመቤቴ፣ ኤሊ ለአገር ምን ትጠቅማለች? ላም አታጠኚም?» አለኝ። በባሕሩ ጠረፍ ዓለት ላይ ፀሐይ የሚሞቁትን፣ ኢጓና የሚባሉትን ትልልቅ እንሽላሊቶች ከፕሮፌሰሬ ጋር ስከተል የከረምኩበትን፣ ባሕር ኤሊዋ አሸዋ ቆፍራ እንቁላሏን ስትቀብር ጎኗ ተንበርክኬ ያየሁበትን ጊዜ ለዚያ ሰው በምን ቋንቋ ላስረዳው? ኢጓና በአገራችን የለም፤ ዘመዱ አርጃኖ ግን አለ፤ ኤሊም አለ። ዲላ መጥቼ ባዮሎጂ ማስተማር የጀመርኩት አንተን ተከትዬ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ወንዙንም ተከትዬ ነው።

ያልሳቁብኝ አባባ ብቻ ነበሩ ማለት አልችልም፤ እርሳቸውም ስቀዋል። ግን እየሳቁ ከጨለለቅቱ ከተማ በላይ ባለው የቡና መሬታቸው፣ ወንዙ መሻገሪያ አጠገብ፣ ጎጆ አሠሩልኝ። እንግዳ ሲመጣ «ይቺ የኤሊ ሙሽራዬ ናት» ይሉ ነበር። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስወጣ በጭነት መኪና እስከ ጨለለቅቱ፣ ከዚያ በበቅሎ እሄዳለሁ። ኤሊዎቹን እየያዝኩ የድንጋይ ልብሳቸውን ጠርዝ በሞረድ ምልክት አድርጌ እለቃለሁ፤ ከዓመት ወደ ዓመት የት እንደሚሄዱ፣ ምን እንደሚበሉ እከታተላለሁ። የአርጃኖ እናት እንቁላሏን ኩይሳ ቀድዳ ውስጥ እንደምትጥል፣ ምስጦቹም ቀዳዳውን መልሰው እንደሚደፍኑላት ያየሁት እዚያ ነው። ያን ዕለት እንዴት እየሮጥኩ መጥቼ እንደነገርኩህ አትረሳውም። አርጃኖው የኤሊዋን እንቁላል ይበላል፤ ኤሊዋ ደግሞ ውሃ ውስጥ የሞተውን ሁሉ ትበላለች። ወንዙ ንጹሕ ሆኖ የሚወርደው በእነርሱ ሆድ ውስጥ አልፎ ነው።

ከጥምቀት በኋላ አንተ ከምትማርበት ከሆላንድ ለአባባ የላክህላቸው የተባይ መድኃኒት በበርሜል መጣ። ደስታውን ብታይ! መሬቱን የሚያስተዳድርላቸው ይርጋ በርሜሎቹን ራሱ አስወረደ። ጭሰኞቹ መርጫውን በጀርባቸው እየተሸከሙ ቡናውን ከላይ እስከ ታች አረጠቡት። ያ አምና ፍሬውን የጨረሰው ተባይ እንደ አቧራ ከቅጠሉ ረገፈ። አባባ ከዛፍ ዛፍ እየሄዱ ቅጠል እየገለበጡ ያዩ ነበር። «ልጄ ከዚያ ሆኖ እዚህ ያለውን ትል ገደለ!» አሉ በኩራት።

ማታ ማታ ግን በርሜሎቹና መርጫዎቹ የሚታጠቡት ከመሻገሪያው በላይ ባለው ውሃ ነበር።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ጸጥታውን ነው። እንቁራሪት አይጮህም። ቀጥሎ ኤሊዎቹ በጠራራ ፀሐይ ከውሃ ወጡ። ሰው ሲቀርባቸው ጠልቀው የሚጠፉት ኤሊዎች አንገታቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ደረቅ አሸዋ ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። አንዷን አንሥቼ ውሃ ውስጥ መለስኳት፤ እየተንፏቀቀች ተመልሳ ወጣች። ከውሃው እየሸሸች ነበር። ሁልጊዜ ገና ስንጠጋው እንደ ጅራፍ የሚፈተለከው ትልቁ አርጃኖ ድንጋዩ ላይ ተኝቶ ስነካው አልተነሣም። ከአፉ ለሃጭ ይወርዳል፤ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠብቧል። በማግስቱ ሞተ። ከዚያ ኤሊዎቹ ተከታተሉ። ምልክት ያደረግሁባቸውን እያነሣሁ ጎጆዬ በር ላይ ደረደርኳቸው፤ ከዚያ መደርደሩንም ተውኩት።

አባባ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አባባ፣ ኤሊዎቹ እየሞቱ ነው።»

«ዕድሜያቸው ደርሶ ይሆናላ።»

«ኤሊ እንደ ዶሮ በአንድ ሰሞን አታልቅም። አንዳንዷ እኮ ከእኔ ታላቅ ናት።»

«እኔ ደግሞ ከሁሉም ታላቅ ነኝ፤ ይኸው አለሁ» ብለው ሳቁ።

«መርጨቱን ይተዉ አልልም። በርሜሎቹን ወንዝ ውስጥ ማጠቡን ብቻ ያስቁሙልኝ። ራቅ ብሎ ጉድጓድ ይቆፈር።»

ሳቃቸውን ተዉ። «አንቺ ልጅ፣ ደመላሽ አስቦ፣ አጥንቶ የላከልኝን መድኃኒት በኤሊ ሞት ምክንያት ላጠራጥረው? ይርጋ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ሰው ሁሉ ቢያይ ምን ይላል? መርዝ ነው ይላል።»

«መርዝማ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ለደመላሽ ጻፊና ይንገረን» አሉ።

ጻፍኩልህ። መልስህም ደረሰኝ። መጠኑ ከተጠበቀ ለእንስሳ ጉዳት እንደሌለው፣ አባባን እንዳላስደነግጥ፣ የዘንድሮ ምርት ለቤተሰቡ ወሳኝ እንደሆነ ጽፈህልኛል። አባባ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አንድም ቃል ሳልዘልል አነበብኩላቸው። ተቀብለውኝ አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ከመሻገሪያው በታች የምትኖረዋን ሙሉካን ታስታውሳታለህ? የሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ የሆነችውን፤ ባሏ የአባባ ጭሰኛ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጎጆዬ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። እኔ የደረደርኳቸውን የኤሊ ድንጋዮች እያየች ነበር።

«እሜቴ፣ ላሙ ጠጣ፣ ወደቀ» አለችኝ። «ባሌ ያንን ዕቃ አጠበ፣ እሱም ወደቀ። እኛስ ምን እንጠጣ?»

አብሬያት ወረድኩ። ባሏ መደብ ላይ ተኝቷል። ላብ አጥምቆታል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑን ገልጬ አየሁት፤ ብሌኑ እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠብቧል። ልብሱን አስወልቄ በምንጭ ውሃ በሳሙና አሳጠብኩት፤ ከዚያ ክሊኒክ አስወሰድኩት። ተርፏል። ዛሬም ግን ኩባያ በሁለት እጁ ነው የሚይዘው።

በማግስቱ ጭሰኞቹ መርጫውን አንነካም አሉ። አልጮኹም፤ ድንጋይም አልወረወሩም። መሻገሪያው ላይ መጥተው ተቀመጡ፤ ዝም አሉ። እኔን ያስፈራኝ ዝምታው ነው። ይርጋ እየሮጠ ለአባባ ነገራቸው፤ «ጌታዬ፣ ጭሰኛው አምጿል። የሚያስተምረው ሳይኖር አይቀርም» ብሎ ወደ እኔ አየ።

አባባ ግን አልተቆጡኝም። ለብቻችን ስንሆን፣ «ስሚኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ የሃምሳ ሁለቱን ዓመት አይቻለሁ፤ ይህ ሕዝብ ጦር ይዞ የተነሣ ጊዜ እዚሁ ነበርኩ። የዚያን ጊዜም መጀመሪያ እንዲህ ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው። ዛሬ ውሃው መርዝ ነው ሲሉኝ አዎ ካልኩ፣ ነገ መሬቱ የእኛ ነው ሲሉኝ ምን እመልሳለሁ?»

«ውሃው ግን መርዝ ነው፣ አባባ።»

«ልጄ አይደለም ብሏል» አሉ፤ ደረት ኪሳቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

ረቡዕ ዕለት፣ የቀኑ ጾም ሊፈታ ሲል፣ አባባ በበቅሎ ወደ መሻገሪያው ወረዱ። ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም ነበር። ካባቸውን ደርበዋል። ሰው ሁሉ ተነሥቶ እጅ ነሣ፤ አነሣሡ ግን የድሮው አልነበረም። እኔ ቀድሜ ወርጄ ስለነበር ውሃውን አይቼዋለሁ፤ በጋ ስለሆነ ወንዙ ቀጥኗል፤ መሻገሪያው ሥር ያለው ኩሬ እንደ ቆመ ነው። ዳር ዳሩ ላይ የወተት እጣቢ የመሰለ ነጭ ነገር ይዟል።

«ይርጋ፣ ዛሬ በርሜል አጥባችኋል?» አልኩት።

መሬት መሬት አየ። «ጠዋት ራሴ ነኝ ያጠብኩት። አልፏል።»

«የቆመ ውሃ የት ያልፋል?»

አባባ ከበቅሏቸው ወርደው ደብዳቤህን ከኪሳቸው አወጡና ለሕዝቡ አሳዩ። «ይህን የጻፈው ደመላሽ ነው። እዚህ እናንተ መካከል ያደገው ልጄ ነው። እኔ የማልጠጣውን ውሃ እናንተን አላጠጣም!» አሉ። የቀንድ ዋንጫቸውን ለይርጋ ሰጡት። ይርጋ ጎንበስ ብሎ ከኩሬው ቀዳ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ቃል ግን አልተነፈሰም። ጌታው ፊት «ጠዋት አጥቤበታለሁ» ከማለት ሞትን የመረጠ ይመስላል፤ የራሱን ሞት ግን አልነበረም።

ሮጥኩ። «አባባ፣ ከዚህ አይጠጡ! ዛሬ ታጥቦበታል! ከምንጩ ላምጣልዎት!»

«ከምንጩ ብጠጣማ ማን ያምነኛል» አሉኝ፤ ፈገግ ብለው።

ቀኝ እጃቸውን አንጓው ላይ ያዝኩት። በሕዝብ ፊት ምራት የአማቷን እጅ ስትይዝ ታይቶ አያውቅም። ሰው አጉረመረመ። አባባ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ልቀቂኝ፤ ሰው እያየ ነው» አሉ። አልለቀቅሁም። ዋንጫውን በግራ እጃቸው ከይርጋ ተቀበሉና ጠጡ። ጥም ስለነበረባቸው እስከ መጨረሻው ጠጡት።

ያጨበጨበ የለም። ሙሉካ ብቻ ከሰው መሐል ወጥታ፣ «ጌታዬ፣ ትፋው! ትፋው!» እያለች ጮኸች።

አባባ አፋቸውን በካባቸው ጠርዝ ጠርገው፣ «አያችሁ?» አሉ። ያለ ሰው ርዳታ በቅሏቸው ላይ ወጡ። እኔ ልጓሙን ይዤ ከጎናቸው ስሄድ ስለ አንተ ልጅነት እያወሩልኝ ይስቁ ነበር፤ እዚያው ኩሬ ውስጥ ዋና እንዳስተማሩህ፣ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ እንዳይወስድህ በመቀነታቸው አስረው ይይዙህ እንደነበር። ወጋቸውን ሳይጨርሱ ምራቃቸውን ደጋግመው መዋጥ ጀመሩ። ከዚያ ላቡ መጣ። ከዚያ ኮርቻውን የያዘው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዓይናቸውን ለማየት ፈራሁ፣ ደሜ። አየሁ ግን።

ጨውና ውሃ አጠጥቼ አስመለስኳቸው። የጨለለቅቱው ነጋዴ ሸምሰዲን፣ እግዜር ይስጠው፣ ጭነቱን መንገድ ላይ አራግፎ በላንድሮቨሩ ወደ ዲላ ይዞን በረረ። ከኋላ ወንበር ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርገው ነበር። ትንፋሻቸው እንደ ተቀደደ ወናፍ ነው። የይርጋ ጨፌን ከተማ ስናልፍ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ኤሊዎቹም እንዲህ ነው የሆኑት?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

ደረት ኪሳቸውን ዳሰሱ። ቀጥለው፣ «ወረቀቱን ከኪሴ አውጪው» አሉኝ። አወጣሁት። «ቅደጂው። ልጁ ጻፈ፣ አባቱ ጠጣ እንዳይሉ። ሰው እጅ እንዳይገባ።»

ቀደድኩት። በመስኮቱ ለቀቅሁት፤ ከመኪናው ኋላ እንደ ነጭ ቢራቢሮ ተበተነ። ይህን እዚህ ቤት ያለ አንድም ሰው አያውቅም። ለአንተ የጻፍኩልህ እንድታዝንበት አይደለም፤ አባትህ በዚያች ሰዓት ማንን ያስቡ እንደነበር እንድታውቅ ነው።

ሐኪሙ የሚችለውን አድርጓል። ከዚያ በኋላ ያለውን ስትመጣ በአፍ እንነጋገራለን። አቶ ኃይለኢየሱስ ከዚህ በላይ አትጨምሪ ያሉት ይህን ነውና እታዘዛለሁ።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ እንግዳ ስለበዛ ነው። እትዬ አሰገደች ፀጉራቸውን አሳጥረዋል፤ ከፍራሽም አልተነሡም። ወገባቸውን አሟቸው ይሆናል። የነፍስ አባታችሁ በየቀኑ ይመጣሉ። ትናንት የመሻገሪያው ጭሰኞች እስከ ዲላ ድረስ በእግራቸው መጡ። ሙሉካ ከፊት ነበረች፤ በራሳቸው ቋንቋ እያዜመች ስትገባ እትዬ አሰገደች ያን ጊዜ ብቻ ከፍራሻቸው ብድግ ብለው አቀፏት። ወንዶቹ ግን አላለቀሱም። ድንኳኑ ሥር ተቀምጠው ቤቱን ያዩ ነበር፤ ከጣሪያው እስከ መሠረቱ፣ ቀስ ብለው፣ ሰው የሚገዛውን በሬ እንደሚያይ። የክፍሌ ተማሪዎችም ሰሌዳው ላይ «መሬት ለአራሹ» ብለው ጽፈው ጠበቁኝ። አላጠፋሁትም፤ ከጎኑ ትምህርቴን ጽፌ ወጣሁ። የሚመጣው ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ደሜ። መምጣቱን ግን አውቀዋለሁ።

አሁን አስቸኳዩን ልንገርህ። ይርጋ ትናንት ከአጎቶችህ ጋር ተቀምጦ፣ «ሥራው ሳይቋረጥ ይቀጥል፤ ፊታውራሪ ገሪማም ቢሆኑ ይህን ነው የሚፈልጉት» ሲል ሰማሁት። ያልተከፈቱት በርሜሎች መጋዘን ውስጥ አሉ፤ የተከፈቱት ወንዙ ዳር ነው የተቀመጡት። የኮረብታው ራስ ደመና መቋጠር ጀምሯል። ዝናቡ ሲወርድ ከየቅጠሉና ከየበርሜሉ ያለውን ሁሉ አጥቦ መጀመሪያ ለእነ ሙሉካ ደጃፍ፣ ከዚያ ለቆላው ከብት፣ ከዚያ ለአባያ ሐይቅ ያደርሰዋል። እኔ ብናገር የኤሊ ወሬ ነው ይሉኛል። ከእንግዲህ በዚህ ቤት የሚሰማው ቃል የአንተ ብቻ ነው፤ ይህን ለምን እንደምልህ ይገባሃል። ለአጎቶችህ ቴሌግራም ላክላቸው። ይቁም በላቸው። በርሜሎቹ እንዴት ተደርገው እንደሚወገዱ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህና ያንንም ጻፍ። ቴሌግራሙን ከላክህ በኋላ ነው ቲኬት የምትቆርጠው፤ በዚህ ቅደም ተከተል።

ከትናንት በስቲያ ወደ መሻገሪያው ወርጄ ነበር። ከኩሬው አንዲት ሕይወት ያላት ኤሊ አላገኘሁም። ከላይ፣ በርሜል ካልደረሰበት ምንጭ አጠገብ ግን የኩይሳው ቀዳዳ እንደተደፈነ ነው፤ የአርጃኖዋ እንቁላል ውስጡ አለ። ዝናቡ የምስጡን አፈር ሲያለሰልሰው ይፈለፈላሉ፤ ወርደውም ወደዚሁ ውሃ ነው የሚገቡት። ወዴት ይገባሉ ሌላ?

የአባቶችህ አምላክ መንገድህን ያቅናልህ። በሰማይም በምድርም ከክፉ ይሰውርህ። ከአውሮፕላን ስትወርድ የሚቀበሉህ አቶ ኃይለኢየሱስ ናቸው፤ እርሳቸው እስኪናገሩ ድረስ ማንንም ምንም አትጠይቅ። ጥቁሩን ካፖርትህን ለብሰህ ና። ዲላ ዘንድሮ ይበርዳል።

ያንተው
ሙሉእመቤት